ለውጥ ሲመጣ የጅማ ድርጅት የትኛውን መንገድ ይያዝ? የሦስት ሰዓት ጠረጴዛ፣ የአምስት ቀን ስፕሪንት፣ ድርብ አልማዝ፣ ካይዘን ወይስ ሳምንታዊ ሙከራ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። በዚያ ሰሞን ቀብድ ተቀብሎ ዋጋ የቆረጠ የጅማ እንጨት ሥራ ቤት ምን እንደሚገጥመው መገመት አይከብድም። ኤምዲኤፉን (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራውን ሰሌዳ)፣ ማጠፊያውንና ቫርኒሹን በአዲሱ ዋጋ ይገዛል፣ ቡፌውን በአሮጌው ያስረክባል።

እንዲህ ሲሆን ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ብቻውን ካልኩሌተር ይዞ ተቀምጦ ዋጋ ይጨምራል፣ ወይ ሠራተኛውን ሰብስቦ የወሰነውን ይነግራል። በሁለቱም ውስጥ ደንበኛው የለም። ዲዛይን ቲንኪንግ የሚባለው አሠራር በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና አይዲኦ በተባለው የዲዛይን ድርጅት በኩል ስሙ ገነነ እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፣ ችግሩን ከደንበኛው በኩል ያዩታል፣ በወረቀት ወይም በቁርጥራጭ ጣውላ ርካሽ ናሙና ይሠራሉ፣ ለደንበኛው ያሳያሉ፣ ያርማሉ። ገንዘብ የሚፈሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ማድረጊያው መንገድ ግን አንድ አይደለም፤ ምርጫው ላይ የሚሳሳት ደግሞ ብዙ ነው። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ከ5 እስከ 30 ሠራተኛ ላለው ድርጅት በሦስት ሰዓት ጠረጴዛ መጀመርና በሳምንታዊ ሙከራ መቀጠል ይበልጣል። የአምስት ቀኑ ስፕሪንት ዝናው ከጥቅሙ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሆኖም እሱ ካልሆነ የማይሆንበት ቦታ አለ፣ እሱንም እናያለን።

ከመምረጥ በፊት ሦስት ጥያቄ

መጀመሪያ ችግሩ ታውቋል ወይ? «ገበያ ቀዘቀዘ» ችግር አይደለም፣ ምልክት ነው። «ከደንበኞቻችን ግማሹ ዋጋ ጠይቀው ቀብድ ሳይከፍሉ ይሄዳሉ» ግን ችግር ነው። እንዲህ ባለ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻሉ መፍትሔ የሚፈልግ መንገድ አይምረጡ፤ ችግር የሚፈልገውን ይምረጡ።

ሁለተኛው፣ ብንሳሳት መመለስ ስንት ያስወጣል? የዋጋ ዝርዝር በማግስቱ ይቀየራል። የተገዛ የቡና መፈልፈያ ማሽን ግን በማግስቱ አይመለስም። ከሦስቱ ጥያቄዎች ክብደት ያለው ይሄኛው ነው፤ ሌሎቹን ቢዘነጉ እንኳ እሱን አይዝለሉት።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ለውጡ የሚነክሰው በዚህ ሳምንት ነው፣ በዚህ ወር ወይስ በመጪው የቡና ወቅት?

የሦስት ሰዓት ጠረጴዛ

ስድስት ሰው፣ አንድ ከሰዓት። ወጪው 18 የሥራ ሰዓትና አንድ ጀበና ቡና ነው።

ዋናው ነገር ማን እንደሚቀመጥ ነው። ባለቤቱ፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ወይም ገንዘብ የምትይዘው፣ ሥራውን በእጁ የሚሠራ ሁለት ሰው፣ ዕቃውን የሚያደርሰው፣ ስድስተኛው ደግሞ ከድርጅቱ ውጪ የሆነ ሰው። ይህ ሰው ጎረቤት ነጋዴ ወይም የቆየ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። አስተናጋጇና ሾፌሩ ሳይኖሩ በሂሳብ ሠራተኛና በሥራ አስኪያጅ ብቻ የተሞላ ጠረጴዛ የሚያወራው ስለ ወረቀት ነው። የደንበኛውን ቅሬታ በጆሮው የሚሰማው ሾፌሩ ነው።

ዕቃው ርካሽ ነው። ባለቀለሙ ተለጣፊ ወረቀት ከሌለ 12 ኤ4 ወረቀት ለአራት ለአራት ቢቆረጥ 48 ካርድ ይወጣዋል፤ ለአንድ ሰው 8 ማለት ነው። መጻፊያው ወፍራም ማርከር ይሁን። እስክርቢቶ የያዘ ሰው ድርሰት ይጽፋል፤ ማርከር የያዘ ሰው ግን ከአምስት ቃል አያልፍም፣ የሚፈለገውም ይሄ ነው። ካርዱን ግድግዳ ላይ በፕላስተር መለጠፍ ቀለም ስለሚልጥ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ይሻላል።

የጊዜው ክፍፍል እንዲህ ነው። በመጀመሪያው 15 ደቂቃ ባለቤቱ የተለወጠውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በሚቀጥለው 30 ደቂቃ የደንበኛው መንገድ ከበር እስከ መረከቢያ ይሳላል፦ የት ይቆማል፣ ማንን ያናግራል፣ ስንት ደቂቃ ወይም ስንት ቀን ይጠብቃል፣ የት ላይ ተመልሶ ይሄዳል። 20 ደቂቃ በዝምታ መጻፊያ ነው፤ በአንድ ካርድ አንድ ሐሳብ፣ ስም አይጻፍም። 15 ደቂቃ ለድምፅ፤ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ነጥብ ይኖረዋል፣ ባለቤቱ የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። 45 ደቂቃ ናሙና መሥሪያ። 40 ደቂቃ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጥተው ለደንበኛ ማሳያ፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። የቀረው 15 ደቂቃ የውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ባለቤቱ ቀድሞ ሐሳብ ከሰጠ። «እኔ ሳስበው ዋጋ መጨመር ነው፤ እናንተስ?» ካለ ስብሰባው እዚያው አልቋል። አለቃውን ፊት ለፊት የሚቃወም ተላላኪ የለም፤ ጋሼ ያሉትን ሁሉም ያጸድቃል፣ ማታ ግን እየተሳሳቀ ሌላ ያወራል። በዝምታ መጻፉም፣ ስም አለመጻፉም፣ የባለቤቱ ድምፅ መጨረሻ መሆኑም የተቀመጡት ለዚህ ነው። ባለቤቱ ይህን መታገሥ ካልቻለ የካርዱ ክፍል እስኪያልቅ ድረስ ውጪ ቡናውን ቢጠጣ ይሻላል።

ሁለተኛው መበላሻ ደንበኛው ዘንድ ነው። «እትዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ይወዱታል?» ተብላ የተጠየቀች ሴት «በጣም ጥሩ ነው ልጄ፣ እደጉ» ትላለች። ይሉኝታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። ስለዚህ ስለ ወደፊቱ አይጠይቁ፤ ስላለፈው ይጠይቁ፦ «ባለፈው ቡፌ ሲያሠሩ የት ላይ ተጉላላዎት?» ወይም ምርጫ አቅርበው ገንዘብ ያስነኩ፦ «ከሦስቱ አንዱን ዛሬ ቢይዙ የቱን ይይዛሉ? ቀብዱ አንድ ሺህ ብር ነው።» ቀብድ በአገራችን ያለ የመጨረሻው እውነተኛ መጠይቅ ነው። ሐሳቡን ያደነቁ አራት ሰዎች ቀብድ ካልሰጡ ሐሳቡ አልተወደደም።

በውሳኔው ጊዜ ሦስት ነገር ተጽፎ ይፈረማል፦ ምን እናደርጋለን፣ ማን እስከ መቼ፣ ስንት ላይ ከደረሰ እንተወዋለን። ሦስተኛውን የሚዘልለው ብዙ ነው። ከሙከራው በፊት «ከ5 ሰው 3ቱ ቀብድ ካልሰጡ እንተወዋለን» ተብሎ ካልተጻፈ፣ በኋላ አንድ ሰው እንኳ ቀብድ ቢሰጥ «ጅምሩ ጥሩ ነው» እየተባለ ይቀጥላል።

ቀኑን ሲመርጡ ሐሙስን ለገበያው፣ ዓርብን ለጁምዓ ይተዉት። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። ረመዳን ከሆነ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ያድርጉት፤ ከሰዓት ሰው ይደክማል፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ ልቡ ቤቱ ነው።

የአምስት ቀን ስፕሪንት

ስፕሪንት በእንግሊዝኛ አጭር የፍጥነት ሩጫ ማለት ነው። ይህን መንገድ ዲዛይነሩ ጄክ ናፕ በጎግል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀመረው፤ በኋላም የጎግል የኢንቨስትመንት ክንፍ በነበረው በጎግል ቬንቸርስ ቅርጹን ያዘ። ሰኞ ችግሩ ይሳላል፣ ማክሰኞ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው መፍትሔ ይነድፋል፣ ረቡዕ አንዱ ይመረጣል፣ ሐሙስ እውነተኛ የሚመስል ናሙና ይሠራል፣ ዓርብ አምስት ደንበኛ አንድ በአንድ ተቀምጦ ይሞክረዋል። ቡድኑ ከሰባት ሰው አይበልጥም።

ሂሳቡን እናስቀምጥ። 7 ሰው፣ በቀን 6 ሰዓት፣ 5 ቀን፤ 210 የሥራ ሰዓት ነው። የሦስት ሰዓቱ ጠረጴዛ ወጪ 12 እጥፍ ገደማ ነው። አሥር ሠራተኛ ላለው ቤት ሳምንቱን ሙሉ ሱቅ እንደመዝጋት ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ስፕሪንት ጥሩ ነው ወይ?» ሳይሆን «ስህተቱ ከ210 ሰዓት በላይ ያስከፍላል ወይ?» ነው። ማሽን ሊገዛ፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፈት፣ የሁለት ዓመት ውል ሊፈረም ከሆነ አዎ። ሜኑ ለመቀየር ከሆነ በፍጹም።

አምስት ደንበኛ ለምን በቃ? የድረ ገጽና የሶፍትዌር አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 ያስረዳው ስሌት አለ። አንድ ሰው በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ካገኘ፣ አምስት ሰው 85 በመቶ ገደማውን ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሚደግመው የታወቀውን ነው። ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ አምስቱ አንድ ዓይነት ደንበኛ መሆን አለባቸው። ገበሬና ላኪ ከሆኑ አምስት ገበሬና አምስት ላኪ ያስፈልጋል፤ ሦስት ከዚህ ሁለት ከዚያ ማለት ሁለቱንም አለማወቅ ነው። ሁለተኛ፣ አምስት ሰው የሚነግረው የት ላይ እንደሚደናቀፍ ነው እንጂ ስንት ሰው እንደሚገዛ አይደለም። «ከአምስቱ አራቱ ወደዱት፣ ስለዚህ ከከተማው 80 በመቶው ይገዛል» የሚል ካለ ማሽኑን እንዳይገዛ ይያዝ።

በጅማ ሲሠራበት መስተካከል ያለበት ዓርብ ነው። ሦስቱን ደንበኛ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል፣ ሁለቱን ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ያድርጉ፤ መሐሉ ለሶላት ይተው። ወይም ሳምንቱን እሑድ ጀምሮ ሐሙስ መጨረስም ይቻላል፤ ነገር ግን ሙከራው የገበያ ቀን ላይ ይወድቅና ነጋዴ ደንበኛ አይገኝም። የሐሙሱ ናሙና መብራት ቢጠፋም የሚሠራ ይሁን፤ የሞባይል መተግበሪያ ከሆነ እንኳ እያንዳንዱ ገጽ በወረቀት ላይ ተስሎ እጅ እያገላበጠው ይሞከር። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቡና ላይ ያለ ድርጅት ስፕሪንት አያስብ።

አንድ ሰው ብቻ ከጎደለ ስፕሪንቱ ይሰረዛል፤ ወሳኙ። ባለቤቱ አዲስ አበባ ሆኖ «በስልክ አለሁ» ካለ ረቡዕ ላይ የተመረጠውን ሰኞ ይሽረዋል። ሰባት ሰው አንድ ሳምንት የደከመበት ነገር በአንድ ስልክ ከተሻረ እነዚያው ሰዎች ሁለተኛ ካርድ አይጽፉም።

ድርብ አልማዝ

የእንግሊዝ ዲዛይን ካውንስል እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው አሠራር ነው። ሁለት አልማዝ ጎን ለጎን ይሳላሉ። የመጀመሪያው ችግሩን አስፍቶ ያያል፣ ከዚያ ያጠብባል፤ ሁለተኛው መፍትሔውን አስፍቶ ያያል፣ ከዚያ ያጠብባል። ሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ችግሩ ታውቋል ብለው ይነሳሉ፤ ይህ ብቻ አልታወቀም ብሎ ይነሳል።

ለአነስተኛ ድርጅት ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። አራት ሰው በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን ቢሰጡ 48 የሰው ቀን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከ10 እስከ 12 ሰው በያለበት ይጠየቃል፤ ግማሹ መግዛት ያቆመ ሰው ይሁን። ያቆመውን ማግኘት ያስቸግራል፣ ግን እውነቱ ያለው እሱ ጋ ነው። ለቃለ መጠይቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቅጠር ይቻላል፤ ሆኖም ቢያንስ ሦስቱ ላይ ባለቤቱ ራሱ ይቀመጥ። በሪፖርት ያነበበውን ይረሳዋል፣ በጆሮው የሰማውን ግን አይረሳውም።

የቋንቋው ነገር እዚህ ላይ ይከብዳል። ከማና ወይም ከጎማ ወረዳ የመጣ ሰው በአማርኛ ቢጠየቅ «ደህና ነው» ብሎ ሊያልፈው የሚችለውን በአፋን ኦሮሞ ግማሽ ሰዓት ሊያወራበት ይችላል። ጠያቂው በሰውዬው ቋንቋ ይጠይቅ፣ ማስታወሻውንም መጀመሪያ በዚያው ቋንቋ ይጻፍ። እየሰሙ መተርጎም የሚያበላሸው ልክ የሚፈለገውን ቃል ነው።

የሚበላሸው በመጀመሪያው አልማዝ መሐል ነው። መጠየቅ ደስ ይላል፣ መወሰን ያስፈራል፤ ስለዚህ «ትንሽ መረጃ ይቀረናል» እየተባለ ሁለት ወር ያልፋል። የማጥበቢያው ቀን ከመጀመሪያው ተቆርጦ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፍ፤ ሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ላይ ያለው መረጃ ያለው መረጃ ነው።

ካይዘን

ብዙ ሰው ካይዘንን፣ ማለትም ሥራን በየጊዜው ትንሽ በትንሽ የማሻሻል የጃፓን አሠራርን፣ ከዲዛይን ቲንኪንግ ጋር አንድ ያደርገዋል። በአገራችን በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ በ30 ፋብሪካዎች ተሞከረ፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቋመ። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች በብዙ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። ከተለጠፉበት ግድግዳ ሥር ያለውን ወለል ማየት ግን ሌላ ነው።

ልዩነቱ ይህ ነው፦ ካይዘን አሁን የሚሠሩትን ሥራ በተሻለ መንገድ እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ሥራው ራሱ ይቀየር ወይ የሚለውን አይጠይቅም። የእንጨት ቤቱን እንውሰድ። አንድ ኤምዲኤፍ ሉህ 122 በ244 ሴንቲ ሜትር ነው። ቆራጩ ቡፌውን በቡፌው ከመቁረጥ ይልቅ የሁለት ቡፌ ክፍሎችን አንድ ላይ በወረቀት ላይ አቀናጅቶ ቢቆርጥ፣ የመጋዙንም ጥርስ 3 ሚሊ ሜትር በሂሳብ ቢያስገባ፣ የሚጣለው ቁራጭ ይቀንሳል። ይህ ንጹሕ ካይዘን ነው፣ ዛሬ ሊጀመር ይችላል፣ ማንንም ደንበኛ መጠየቅ አያስፈልገውም። ደንበኛው ቡፌ ማሠራት ትቶ ከሆነ ግን ብክነት የሌለበት ቡፌ ተሠርቶ ሱቅ ውስጥ ይቀመጣል።

ስለዚህ ለውጡ ወጪ ላይ ከመጣ ካይዘን ይቅደም፤ ፍላጎት ላይ ከመጣ ይቆይ። ስድስት ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ሰው መቅረት ይጀምራል። የሚሞተው ደግሞ አራተኛው «ማ» ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት በአንድ ቅዳሜ ዘመቻ መጨረስ ይቻላል፤ ማላመድ ግን የሰኞ ጠዋት ሥራ ነው፣ ለዘመቻ የወጣው ሰው ሰኞ የለም።

ሳምንታዊ ሙከራ

ሦስት ሰው፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ቁጥሩ ይለካል፣ ሰኞ ይወሰናል፦ ይቀጥል፣ ይታረም ወይም ይቅር።

ካፌን እንውሰድ። ቴሌብር በ2013 ከጀመረ፣ ኤምፔሳም በ2015 መጨረሻ ከተጨመረ ወዲህ ደንበኛው በስልኩ እየከፈለ ነው። የሚያስቸግረው ክፍያው አይደለም፣ ማረጋገጡ ነው። ደንበኛው የላከበትን መልእክት ለአስተናጋጇ ያሳያል፣ እሷ ገንዘብ ያዥዋን ትጠይቃለች፣ ገንዘብ ያዥዋ የድርጅቱን ስልክ ታያለች፣ በምሳ ሰዓት ሰልፍ ይሆናል። የተላከ መልእክትን ፎቶ ብቻ አይቶ ማመን ደግሞ ለማጭበርበር ይዳርጋል።

በአንድ ሳምንት ሦስት ጠረጴዛ ላይ ብቻ የኪውአር ኮድ ተለጥፎ፣ የድርጅቱ መቀበያ ስልክ ከገንዘብ ያዥዋ ወደ አንዷ አስተናጋጅ እጅ ይዛወር። «ሂሳብ» ከተባለበት እስከ ደንበኛው እስኪነሳ ያለው ደቂቃ በሁለቱም ዓይነት ጠረጴዛ ይመዝገብ፤ በቀን 10 ከዚህ፣ 10 ከዚያ። ማክሰኞን ከማክሰኞ እንጂ ማክሰኞን ከቅዳሜ አያወዳድሩ። በዚያው ሳምንት ዋጋም ሜኑም አይነካ፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደሠራ ማንም አያውቅም።

ሳምንታዊ ሙከራ ርካሽ በመሆኑ አደጋውም እዚያው ነው። ትንሽ በትንሽ እያሻሻሉ የተሳሳተ አቅጣጫ መጓዝ ይቻላል። ስድስት ሙከራ ተደርጎ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ሰባተኛውን አይሞክሩ፤ ችግሩ የተጻፈው በስህተት ነው፣ ወደ ሦስት ሰዓቱ ጠረጴዛ ይመለሱ።

አማካሪ ቀጥሮ ጥናት ማሠራትስ? የጠረጴዛ መሪ ሆኖ ጊዜ እንዲጠብቅና ባለቤቱን ዝም እንዲያሰኝ ከሆነ ያዋጣል። ብቻውን አጥንቶ ባለ ጥራዝ ሪፖርት እንዲያስረክብ ከሆነ ግን ከላይ ካሉት ከማናቸውም አይሻልም፤ የሚፈጽሙት ሰዎች አልተቀመጡበትምና።

ወደ ምርጫው

የእንጨት ቤቱ ችግሩን ያውቃል፣ ስህተቱ ይመለሳል፣ ጊዜ የለውም። ስለዚህ የሦስት ሰዓት ጠረጴዛ ይዘርጋ። ሦስት የዋጋ ካርድ ይሠራ፦ ሙሉ ኤምዲኤፍ፤ አጽሙ የአገር እንጨት ሆኖ መዝጊያው ብቻ ኤምዲኤፍ፤ ሦስተኛው ደንበኛው እንጨቱን ራሱ አቅርቦ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚከፍልበት። ከእያንዳንዱ አንድ መዝጊያ በቁርጥራጭ ተሠርቶ አብሮ ይታይ፤ ደንበኛ በሥዕል አይወስንም፣ ይዳስሳል። ዋጋው የሚጸናበት ቀንም በካርዱ ላይ ይጻፍ፤ «ይህ ዋጋ ለ7 ቀን» የሚለው መስመር ብቻውን የአሮጌ ዋጋ ኪሳራን ግማሽ መንገድ ይቆርጠዋል። በርጩማ የሚሠራው ጎረቤት ግን ጥሬ ዕቃው የአገር እንጨት ስለሆነ ለውጡ የነካው በሌላ በኩል ነው፤ የእሱ ጥያቄ ገዢው ማን እንደሆነ ነውና ድርብ አልማዙ ይሻለዋል።

የሚከብደው የቡናው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ መሠረት ወደዚያ የሚገባ ቡና ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት መምጣት የለበትም፤ የበቀለበት ማሳም በመገኛ ነጥብ፣ ማለትም ቦታውን በካርታ ላይ በሚያሳይ የጂፒኤስ ቁጥር፣ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው ይለካል፤ ለትንሹ አንድ መገኛ ነጥብ ይበቃል፣ ቁጥሩ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስድስት አሃዝ ያለው። የሚጀመርበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ይህ ግን ለመተኛት ሳይሆን ለመሞከር የተሰጠ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ችግሩ ይታወቃል፣ ስህተቱ ግን አይመለስም፤ በሺህ የሚቆጠር ማሳ በተሳሳተ ቅጽ ከተመዘገበ እንደገና መዞር ነው። ገበሬው፣ ሰብሳቢው፣ አቅራቢውና ላኪው እያንዳንዱ የየራሱ ስጋት አለው። የአምስት ቀኑ ስፕሪንት እውነተኛ ቦታው እንዲህ ያለው ነው። ከሰባቱ መቀመጫ ሁለቱ ለገበሬዎች ይሁኑ፣ አበላቸውና ትራንስፖርታቸው ይከፈል፤ ከሥራቸው ተነስተው ነው የመጡት። ስብሰባው በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ይመረጣል።

ናሙናው አንድ የወረቀት ቅጽና አንድ ስልክ ነው። ለመጨረሻው ቀን ሙከራ አምስት ገበሬ በየማሳቸው ይጎበኛል፤ ስለዚህ ያ ቀን ከቢሮ ውጪ ነው። የሚታየው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ አንድ ማሳ ስንት ደቂቃ ወሰደ? ሁለተኛ፣ አሃዙ ሳይጎድል ተጻፈ ወይ? ሦስት አሃዝ ላይ ከተቆረጠ ነጥቡ እስከ 100 ሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል፤ የአንድ ሄክታር ማሳ ጎን ደግሞ 100 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ነጥቡ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። መዝጋቢው ቁጥሩን በእጁ ከሚገለብጥ ስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ፎቶ ቢያነሳው ይሻላል። የጅማ ቡና ጥላ ሥር ስለሆነ ቅጠሉ የሳተላይቱን ምልክት ያዳክማል፤ ማሳው ውስጥ ክፍት ቦታ ላይ ቆሞ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅን በቅጹ ላይ እንደ መመሪያ ይጻፉት።

ሦስተኛው ከቴክኒኩ ይከብዳል። «ማሳዬን ለምን ትለካላችሁ? ግብር ሊጨመርብኝ ነው?» የሚል ገበሬ መሬቱን አሳንሶ ይናገራል ወይም ሌላ ቦታ ያሳያል። መዝጋቢው የሚለው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንደ ናሙና መሞከር አለበት። ሁለት ዓይነት መግቢያ ይዘጋጅ፤ አንዱ ስለ ሕጉ የሚያስረዳ፣ ሌላው ስለ ገዢው፦ «ኦቦ፣ ቡናዎን የሚገዛው አገር ከየት ማሳ እንደመጣ ሳያውቅ አልረከብም ስላለ ነው።» የትኛው ላይ ገበሬው ራሱ እየመራ ማሳውን እንዳሳየ ይመዝገብ።

የመተዉ ቁጥርም ሰኞ ይጻፍ፤ ለምሳሌ አንድ መዝጋቢ በቀን 12 ማሳ ካልጨረሰ ወይም ከአምስቱ ገበሬ ሁለቱ ካልፈቀዱ ቅጹ ለብዙኃኑ አይወጣም። ለዚህ ሁሉ አመቺው የካቲትና መጋቢት ነው፤ ለቀማው አልቋል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድም ገና ጭቃ አልሆነም።